ሒሳብና አደራ

መካኒካል ምሕንድስና ሊማር የተነሣ ወጣት ገና በር ላይ የሚቀበለው ሞተር አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ከአልጀብራና ከትሪጎኖሜትሪ ተነሥቶ ወደ ካልኩለስ ይሻገራል። ካልኩለሱን ሳይጨርስ ማትሪክስ ይጠብቀዋል። ከዚያ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ይከተላል፤ ከዚያ ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ፤ ከዚያ ደግሞ በኮምፒውተር የሚሠራበት የቁጥር ዘዴ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአብዛኛው በዚህ ያልቃሉ። መፍቻ ጨብጦ፣ ልብሱን ዘይት ነክቶት፣ የሞተር ድምፅ ሲያዳምጥ ራሱን በሐሳቡ ያየው የነበረ ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በተደረደሩ ምልክቶች ተከቦ ይገኛል። ‹‹ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሒሳብ ለምኔ ነው?›› ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሰነፍ ተማሪ ጥያቄ ተደርጎ ይታለፋል። ‹‹ዝም ብለህ ተማር፤ ኋላ ይገባሃል›› የሚል መልስ ይሰጠዋል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን ጥያቄው የትምህርት ክፍለ ጊዜ ድልድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከሥሩ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። ሰው በማይገባው ዕውቀት ተጠቅሞ የሌላውን ሰው ሕይወት ለመያዝ መብት አለውን? መልሱ እንደ አንድ የትምህርት ቤት ጉዳይ ተቆጥሮ ለመምህራን ብቻ የሚተው አይመስለኝም። አሳንሰር የሚገባ፣ አውቶቡስ የሚሳፈር፣ አውሮፕላን ላይ የሚወጣ ሁሉ ያገባዋል።

በመጀመሪያ ተቃዋሚውን ወገን እናዳምጥ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በሥራ ዓለም ያለ መሐንዲስ ተቀምጦ ኢንተግራል በእጁ የሚፈታበት ቀን ጥቂት ነው። የሚያስፈልገው ቁጥር በሠንጠረዥ ተዘጋጅቶለታል፤ ሠንጠረዡ ያልመለሰውን ኮምፒውተር ይመልስለታል። የቀደሙት መሐንዲሶች በስላይድ ሩል ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ሳይንና ሎጋሪዝም የሚያወጣ የኪስ ማስሊያ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ስላይድ ሩል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጠቅልሎ ወደ መሳቢያ ገባ። ያን ጊዜ ምሕንድስና አልፈረሰም። ዛሬ ደግሞ ተማሪው ጥያቄውን ስልኩ ላይ ጽፎ መፍትሔውን ከነአሠራሩ ይቀበላል። ታዲያ ማሽን በሰከንድ የሚጨርሰውን ነገር ሰው ዓመታት አፍስሶ በእጁ እንዲሠራው ማስገደድ ምን ይባላል?

ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ያማል። ሒሳቡ በር ነው፤ በሩ ደግሞ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም ይላል። በየጋራዡ ሞተር ሲነሣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ሕመሙን የሚናገር መካኒክ አለ። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ከውድቅዳቂ ብረት የወፍጮ መለዋወጫ የሚያበጅ ባለሙያ አለ። እነዚህ ሰዎች ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ስላልፈቱ ብቻ ከምሕንድስና ትምህርት ደጃፍ ውጭ መቅረታቸው ፍትሕ ነውን? በቂ የሒሳብ መምህር ባልነበረበት ትምህርት ቤት ያደገው የገጠር ልጅስ? እጁ የሚያውቀውን ነገር ብዕሩ መጻፍ ስላቃተው አያውቅም ይባላልን?

ለዚህ መልስ ለመስጠት ሩቅ መሄድ አያሻም። በከተማችን በብዙ የግንባታ ቦታ የሚቆመውን የባሕር ዛፍ አጣና እንመልከት። ረጅምና ቀጭን አጣና ጫፉ ላይ ሸክም ሲበዛበት በመጀመሪያ ወደ ጎን ይጎብጣል፤ አንዴ ከጎበጠ በኋላ የሚመልሰው የለም። አናጢው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ቋሚዎቹን በመሐላቸው በአግዳሚ አጣና ያያይዛቸዋል። ካልኩለስ ማንም አላስተማረውም። እጁና ዓይኑ ከእሱ በፊት ከነበሩት እጆችና ዓይኖች የተማሩት ነው።

ስዊሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሌዎንሃርድ ኦይለር ያንኑ ጉብጠት እ.ኤ.አ. በ1744 በዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ጻፈው። ያገኘው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ቀጭን ቋሚ ሳይጎብጥ የሚሸከመው ጭነት በርዝመቱ ስኩዌር ይቀንሳል። ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን አቅሙ ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። መሐሉ ላይ በሚገባ ቢታሰርና ወደ ጎን እንዳይሄድ ቢያዝ ደግሞ አቅሙ አራት እጥፍ ይሆናል። እዚህ ላይ አናጢውና ኦይለር ተስማምተዋል። ሊቁ አናጢውን አላሳፈረውም፤ እንዲያውም እውነቱን መሰከረለት።

ነገር ግን እኩልታው ከዚህ አልፎ የሚናገረው አለ። ድፍንና ክብ ለሆነ ቋሚ አቅሙ ከውፍረቱ ጋር የሚያድገው በአራተኛ ፓወር ነው። ዲያሜትሩ እጥፍ ቢሆን አሥራ ስድስት እጥፍ ይሸከማል ማለት ነው። ይህን ገልብጠን እናንብበው። አንድ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ከታዘዘው በአንድ አሥረኛ የቀጠነ ቋሚ ቢያቆም፣ ለዓይን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አይታይም። ‹‹አንድ አሥረኛ ምን አላት?›› ይባላል። ሒሳቡ ግን አራት 0.9ዎችን እርስ በርስ ያባዛና 0.656 ያገኛል። ከአቅሙ ከሲሶ በላይ ጠፍቷል። ዓይን አንድ አሥረኛ ቀነሰ ሲል ቋሚው ሲሶውን አጥቷል። በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ባለው ክፍተት ላይ የቆመው ስሚንቶ የተሸከመው የቀን ሠራተኛ ነው።

ስለዚህ ሒሳብ የእጅን ዕውቀት አይሽርም፤ እጅ ያልደረሰበትን ይናገራል። ልምድ የሚያስተምረን ተሠርቶ የቆመውንና ተሠርቶ የወደቀውን ነው። መሐንዲስ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር እንዲሠራ ይታዘዛል፤ ያልተሞከረ ከፍታ፣ ያልተሞከረ ፍጥነት፣ ያልተሞከረ ሙቀት። ልምድ ብቻ ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ትምህርቱን የሚያገኘው በሌሎች ጉዳት ነው።

ደግሞም የኦይለር ቀመር ወሰን አለው። የሚሠራው ለቀጭን ቋሚ እንጂ ለአጭርና ለወፍራም አይደለም። አጭር ምሰሶ አቅርባችሁ ብትጠይቁት፣ ብረቱ ራሱ ተጨፍልቆ ከሚያልቅበት ጭነት እጅግ የበለጠ ቁጥር ይሰጣችኋል። ቀመር አያፍርም፤ ‹‹እዚህ ላይ እኔን አትጠይቁኝ›› አይልም። ይህን የሚያውቀው ቀመሩ ከየት እንደተነሣ፣ ሲወለድ ምን ምን ግምት እንደተደረገ የተማረ ሰው ብቻ ነው። የመጨረሻዋን መስመር ከመጽሐፍ ቆርጦ የወሰደ ሰው የሰው ወርቅ አጥልቋል። የሰው ወርቅ ደግሞ፣ እንደሚባለው፣ አያደምቅም፤ በምሕንድስና እንዲያውም ሊገድል ይችላል።

ሒሳቡ ወደ ሥነ ምግባር የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ዊልያም ኪንግደን ክሊፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ ስለ እምነት ሥነ ምግባር አንድ ድርሰት አሳተመ። ክሊፎርድ በፍልስፍና ብቻ የሚታወቅ ሰው አልነበረም፤ በለንደን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሒሳብ ፕሮፌሰር ነበር። ድርሰቱ የሚጀምረው በአንድ ባለመርከብ ነው። መርከቢቱ አርጅታለች፤ ጥገና ሳያስፈልጋት እንደማይቀር ሰውየው ይጠረጥራል። ነገር ግን ጥገና ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ጥርጣሬውን እያባበለ፣ ስንት ማዕበል አልፋ በሰላም ተመልሳለች እያለ፣ ቀስ በቀስ ከልቡ አመነባት። መርከቢቱም አገራቸውን ለቅቀው የሚሄዱ ቤተሰቦችን እንደጫነች ሰጠመች።

ባለመርከቡ በሰዎቹ ሞት ጥፋተኛ ነው ይላል ክሊፎርድ። ከልቡ ማመኑ አያድነውም፤ በፊቱ በነበረው ማስረጃ እንዲያ አድርጎ የማመን መብት አልነበረውምና። ቀጥሎ ክርክሩን የበለጠ ያጠብቀዋል። መርከቢቱ ባትሰጥምስ? ያንንም ሌላም ብዙ ጉዞ በሰላም ብትጨርስስ? ያም ሆኖ የሰውየው ጥፋት ቅንጣት አይቀንስም ይላል። ጥፋቱ የተፈጸመው ባሕር ላይ ሳይሆን ሳያጣራ ባመነበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ዕድል ነው።

ይህን ወደ መሐንዲሱ እናምጣው። አንድ መሐንዲስ ያልገባውን ስሌት ፈርሞ አወጣ እንበል። ማሽኑ ሠራ፤ ማንም አልተጎዳም፤ ሰውየውም በክብር ጡረታ ወጣ። ይህ ሰው ማንን በደለ? ሕግ ምንም አላገኘበትም። እኔ ግን በቋንቋችን ለዚህ ሰው የሚሆን ቃል አለ ባይ ነኝ፤ አደራ በላ ይባላል። አንድ ሰው ገንዘቡን ጎረቤቱ ዘንድ በአደራ አስቀመጠ። ሲመለስ ሳንቲም ሳይጎድልበት ተረከበ። ኋላ ግን ጎረቤቱ በሩን ሳይዘጋ ሌሊቱን ሁሉ ይተኛ እንደነበር ሰማ። ይህ ሰው ‹‹ገንዘቤ አልጠፋም፤ ምን ቸገረኝ›› ብሎ ዳግመኛ አደራ ይሰጣልን? አይሰጥም። አደራ የሚለካው በተመለሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በተጠበቀበት ሁኔታም ነው። ልጇን ይዛ አሳንሰር የምትገባ እናት የሽቦ ገመዱን ጥንካሬ አላሰላችም። ማስላትም አይጠበቅባትም። አንድ የማታውቀው ሰው አስልቶልኛል ብላ ነው የገባችው። ያ ሰው ስሌቱን ካልገባው፣ እናቲቱ ያመነችው የሌለ ሰው ነው።

‹‹ስሌቱን የሠራው ኮምፒውተር ከሆነ አደራው ለምን በእኔ ላይ ይወድቃል?›› የሚል ይኖራል። ለዚህ በኖርዌይ የደረሰው ነገር መልስ ይሆናል።

በሰሜን ባሕር ውስጥ ስላይፕነር ኤ ለተባለው የጋዝ ማምረቻ መድረክ መቆሚያ የሚሆን ግዙፍ የኮንክሪት መሠረት ተሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1991 በስታቫንገር ከተማ አጠገብ ባለ ፊዮርድ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ውኃው ዝቅ እየተደረገ ሳለ አንዱ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ፓምፖቹ የሚገባውን ውኃ ማሸነፍ አልቻሉም። በላዩ የነበሩት ሰዎች በጊዜ ወጥተው ተረፉ፤ መሠረቱ ግን ሰጠመ። ከባሕሩ ወለል ጋር ሲላተም የፈጠረው ንዝረት የምድር መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ላይ 3 ገደማ ሆኖ ተመዘገበ። ኪሣራው ወደ 700 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተገመተ።

መርማሪዎች ወደ ስሌቱ ተመለሱ። ስሌቱ የተሠራበት ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነበር። ዘዴው ፋይናይት ኤለመንት ይባላል። ትልቁን አካል በሐሳብ ወደ ብዙ ትንንሽ ቁራጮች ይከፍላል፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቀለል ያለ እኩልታ ይጽፋል፤ ሁሉንም በአንድ ሰፊ ማትሪክስ ያያይዝና ይፈታል። ክብ ግቢን ቀጥ ባሉ አግዳሚ እንጨቶች እንደማጠር ያለ ነው። እንጨቶቹ ባጠሩ መጠን አጥሩ ወደ ክብነት ይጠጋል፤ ከረዘሙ ግን አጥሩ ክብ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ቅርጽ ይሆናል። በዚያ ግድግዳ አካባቢ አከፋፈሉ ተገቢ አልነበረም። በዚህ የተነሣ ግድግዳውን የሚቆርጠው ኃይል ከትክክለኛው በ47 በመቶ ያነሰ ሆኖ ወጣ። የኮንክሪቱ ብረትም በዚያው በተሳሳተው ቁጥር ተለክቶ ገባ፤ የብረቱ አጨራረስም የራሱ ጉድለት ነበረበት። ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። የተጠየቀውን መለሰ። ጥያቄው እንዴት እንደቀረበለት የሚመረምር ሰው ነው የጠፋው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የበለጠ ያስተምራል። ምትክ መሠረት በአጭር ጊዜ መሠራት ነበረበት። ፕሮግራሙን እንደገና ለማመን በሚያስቸግርበት በዚያ ወቅት መሐንዲሶቹ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ወደነበረው የእጅ ስሌት ተመለሱ። መድረኩም በ1993 ሥራ ጀመረ። እስቲ እናስበው። በዚያ ቢሮ ውስጥ ሒሳቡን በእጁ የሚያውቅ ሰው ባይኖር ኖሮ ወደ ምን ይመለሱ ነበር?

‹‹ያልጠረጠረ ተመነጠረ›› ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ለገበያ ሌባ የተተረተ ይመስላል፤ ለመሐንዲስም ይሆናል። የመሐንዲስ ተማሪ ሒሳብ የሚማረው በዋነኛነት መልስ ለማውጣት አይደለም። መልስ ማውጣቱን ማሽን ከእሱ በተሻለ ይሠራዋል። የሚማረው የወጣውን መልስ ለመጠርጠር እንዲችል ነው። ካልኩለስ ያልገባው ሰው ኮምፒውተር ያወጣለትን ቁጥር ሊቀበል ወይም ላይቀበል ይችላል፤ ሊጠረጥረው ግን አይችልም። ለመጠርጠር የሚቆምበት መሬት የለውምና።

ይሁን እንጂ ሒሳብ ማወቅ ብቻውን ሰውን ጠያቂ አያደርገውም። ይህን ለማለት የሚያስገድድ፣ በደጃችን የደረሰ ሐዘን አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ በፊት በኢንዶኔዥያ የዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

በሁለቱም አደጋዎች ኤምካስ የተባለ የቁጥጥር ሥርዓት ነበረበት። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ ቀና አለ የሚል መረጃ ሲደርሰው የጭራውን አግድም ክንፍ አዙሮ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋል። መረጃውን የሚቀበለው ከአንድ ሴንሰር ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ንድፍ በአንድ ጊዜ ክንፉን ሊያዞር የሚችለው 0.6 ዲግሪ ነበር፤ ኋላ 2.5 ዲግሪ ሆነ። 2.5 ዲግሪም ቢሆን ገደብ ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን ገደቡ ለአንድ ጊዜ ነው። ሴንሰሩ የተሳሳተ መረጃ መስጠቱን ከቀጠለ ሥርዓቱም ደጋግሞ ይነሣል፤ በየጊዜው ይጨምራል። የአንዱ እርምጃ ገደብ የድምሩ ገደብ አይደለም። ካልኩለስ የሚባለው ትምህርት በሙሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ትንንሽ ነገር ሲደማመር የት ይደርሳል ከሚለው ጥያቄ። ደግሞም የደኅንነት ስሌቱ አብራሪዎች ችግሩን በሰከንዶች ውስጥ ለይተው ያርሙታል በሚል ግምት ላይ የቆመ ነበር። ማስጠንቀቂያው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጮህ ሰው እንዲያ ማድረግ ይችላል ወይ የሚለው በበቂ አልተመረመረም።

በዚያ ኩባንያ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው አልጠፋም። ድምሩን መደመር የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይችላል። የጠፋው ሌላ ነገር ነው። ግምት በእኩልታው ውስጥ ቁጥር ሆኖ ከገባ በኋላ ግምት መሆኑ ይረሳል፤ ከሌሎቹ ቁጥሮች ጋር ተመሳስሎ ይቀመጣል። ኋላ አውሮፕላኑ ወደ በረራ እንዲመለስ የተደረገው እርማት ይህንኑ ይመሰክራል። አሁን ሥርዓቱ የሁለት ሴንሰሮችን መረጃ ያወዳድራል፤ ለአንድ ክስተት ከአንድ ጊዜ በላይ አይነሣም። እርማቱ አዲስ ሒሳብ አላስፈለገውም። ያስፈለገው አስቀድሞ ‹‹ይህ ሴንሰር ቢዋሽስ? ይህ ነገር ቢደጋገምስ?›› ብሎ የሚጠይቅና እስኪመለስለት ድረስ የማይፈርም ሰው ነበር። ለመጠርጠር ዕውቀት ያስፈልጋል፤ ጥርጣሬን ይዞ ለመቆም ደግሞ ኅሊና ያስፈልጋል። አንዱ ያለ ሌላው አደራ አይጠብቅም።

እዚህ ላይ ክሊፎርድን የሚሞግት ሊነሣ ይችላል። ሁሉን ነገር ራሱ አጣርቶ የሚያምን ሰው በዓለም ላይ የለም፤ እንዲህ ከሆነ ማንም ሰው ብሎን እንኳ አያጠብቅም ይላል። እውነቱን ነው። ብረቱን የፈተነው ሌላ ነው፤ ሠንጠረዡን ያወጣው ሌላ ነው፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ሌላ ነው። መሐንዲስ ሁሉ የኦይለርን እኩልታ ከባዶ ወረቀት ተነሥቶ ያውጣ ማለት አይቻልም። የሰው ልጅ ዕውቀት በመተማመን የተሠራ ቤት ነው።

ግን መተማመንና ዓይን ጨፍኖ መከተል አንድ አይደሉም። ከአንድ መሐንዲስ የምንጠብቀው ትንሹ ነገር ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ መቻሉ ይመስለኛል። አንደኛ፣ ይህ ቀመር ምን ምን ነገር እውነት ነው ብሎ ይነሣል? እኔ ዘንድ ያ ነገር እውነት ነውን? ሁለተኛ፣ ነገሩን ወደ ዳር ብገፋው፣ ርዝመቱን ወደ ዜሮ ባወርደው፣ ጭነቱን እጥፍ ባደርገው፣ መልሱ አእምሮ ወደሚቀበለው አቅጣጫ ይሄዳልን? ሦስተኛ፣ በእርሳስና በቁራጭ ወረቀት በግርድፉ ባሰላው ማሽኑ ካወጣው ቁጥር ጋር ይቀራረባልን? የሚለያይ ከሆነ ምክንያቱን አውቃለሁን? እነዚህን መመለስ ያቃተው ሰው ብዕሩን አስቀምጦ የሚያውቅ ሰው መጥራት አለበት። መጥራት ነውር አይደለም።

‹‹ለመካኒካል ምሕንድስና ስንት ሒሳብ ይበቃል?›› ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ከዚህ ይወጣል። የሚበቃው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለመመለስ የሚያስችለው ያህል ነው። ይህ ደግሞ ጥቂት አይደለም። ምን እውነት ነው ብሎ እንደተነሣ ለማወቅ ቀመሩ የተወለደበትን ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ቢያንስ አንድ ጊዜ በእጅ ማውጣት ያሻል። ቁራጮቹ መቼ እንደሚያታልሉ ለማወቅ ካልኩለስና ማትሪክስ ያሻል። አንድ ሴንሰር ቢበላሽ ምን ይሆናል ለማለት ፕሮባቢሊቲ ያሻል። የትምህርት ዝርዝሩ ላይ በከንቱ የገባ የለም፤ በከንቱ የተማረ ግን አለ።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ዘንድ ሒሳብን ሸምድዶ ማለፍ የቆየ ልማድ ነው። ተማሪው የቀመሩን ዝርዝር በቃሉ ይይዛል፤ የፈተናውን ዓይነት ለይቶ ያውቃል፤ ቁጥሩን ያስገባል፤ መልሱን ያወጣል፤ ፈተናው ሲያልቅ ሁሉም ይጠፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነው። ከዚህ የባሰውም ኩረጃው ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ተማሪዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጉዘው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲሰጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ስለ ቁጥሩ መንሥኤ ብዙ ተብሏል። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። የጎረቤቱን መልስ ገልብጦ ያለፈ ልጅና የማይገባውን ስሌት ፈርሞ የሚያወጣ መሐንዲስ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አይደሉም። አንድ ሰው ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ጥቂት ዓመት ነው።

የቆየው የአገራችን ትምህርት ንባብንና ትርጓሜን ለየብቻ ያስተምር ነበር። ንባቡን በቃሉ ያወጣ ተማሪ ገና ተማረ አይባልም፤ የነገሩን ምሥጢር ከመምህሩ እግር ሥር ቁጭ ብሎ መቀበል ይቀረዋል። በሒሳብ ትምህርታችን ንባቡን ይዘን ትርጓሜውን የጣልን ይመስላል። ልጁ ዴሪቬቲቭ ሲያወጣ አደረሱኝ ይላል፤ ያ ዴሪቬቲቭ የአጣናው ጉብጠት፣ የፍሬኑ ሙቀት፣ የክንፉ መዞር እንደሆነ ግን የነገረው የለም።

አሁን ወደዚያ ወደሚያመው ክርክር መመለስ ይቻላል። በሩ ጠባብ ነው፤ ባለሙያውን ከደጅ አስቀርቷል ተብሏል። ቅሬታው እውነት አለው። መፍትሔው ግን በሩን ማፍረስ አይደለም፤ ምክንያቱም በበሩ ውስጥ ያለው አደራ ነው፤ አደራው ደግሞ የመሐንዲሱ ሳይሆን የተሳፋሪው ነው። ለመሐንዲሱ ብለን ሒሳቡን ብናቀልለት፣ ያቀለልነው የተሳፋሪውን ሕይወት ነው። መፍትሔው ወደ በሩ የሚወስደውን መንገድ መጥረግ ነው። ሞተር በድምፅ የሚለየው መካኒክ ስለ ንዝረት እኩልታ ለመማር ከማንም የቀረበ ሰው ነው፤ ነገሩን ጆሮው ያውቀዋል፤ የጎደለው መጻፊያው ብቻ ነው። ሒሳብ ከሰሌዳ ተነሥቶ ወደ ብረት ሳይሆን ከብረት ተነሥቶ ወደ ሰሌዳ ቢሄድለት ብዙ ይደርሳል። ይህን መንገድ አለመጥረጋችን የእኛ በደል ነው። በሩን በማስፋት ስም ያልበሰለ ሰው አሳልፈን ብንሰድ ግን ሁለተኛ በደል እንጨምራለን።

ማትሪክስ ሲፈታ አምሽቶ ‹‹ለምኔ ነው?›› ለሚለው ወጣት ታዲያ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። ለአንተ አይደለም። ሥራ ለመቀጠር፣ ፈተና ለማለፍ፣ ሊቅ ለመባል ከሆነ ሌላ አጭር መንገድ ታገኛለህ። ሒሳቡ ከአሥር ዓመት በኋላ አንተ በፈረምክበት ነገር ላይ ለሚቆም፣ ስምህን ለማያውቅና ሊጠይቅህ ለማይችል ሰው ነው። እሱ ሊጠይቀው የማይችለውን ጥያቄ በእሱ ቦታ ሆነህ የምትጠይቀው አንተ ነህ። ለዚያ ጥያቄ የሚሆነውን ቃል የምትማረው ደግሞ አሁን፣ በዚህ ሌሊት፣ በዚህ ማትሪክስ ላይ ነው።